ለፖሊስ የምንከፍላት ያቺ «የነዳጅ» ብር ጉቦ ናት ወይስ አይደለችም?

ባለፈው እሑድ የመንገዳችን ነጋዴዎች ተሰብስበን ነበር። ደሴ፣ ከፒያሳ ትንሽ ዝቅ ብለን ያለነው ማለቴ ነው። በሁለት ወር ውስጥ አራት ሱቅ ተሰብሯል፤ ሰው ተማሯል። ከተማረሩት አንዱ ተነሣና «በየሱቁ በወር 300 ብር እናዋጣ፣ ሁለት ፖሊስ እናነጋግር፣ ማታ ማታ ከዚህ መንገድ እንዳይጠፉልን» አለ። አርባ ሱቅ ነን። በወር 12,000 ብር ይሆናል፣ ለእያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ሺህ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። «ይሄማ ምን ያነጋግራል፣ ከነገ ይጀመር!» ያለም ነበር።

እኔ እጄን አላወጣሁም። ሰብሳቢያችን አይተውኝ «አንተ ምነው? መጀመሪያ የተሰረቅከው አንተ አይደለህ እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። «ጋሼ፣ ጉቦ እንዳይሆን ብዬ ነው» ስል ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። አንዱ ደግሞ «ሌባውን ልቀቅልኝ ብለን አይደለም እኮ የምንከፍለው፣ ያዝልኝ ብለን ነው! ይሄ እንዴት ጉቦ ይባላል?» ብሎ አፋጠጠኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። እዚያው በቅጡ መመለስ አልቻልኩም። ሳምንቱን ሙሉ ሳብሰለስለው ከርሜ ነው አሁን የምጽፈው።

መጀመሪያ የራሴን ላውራ።

ስልክ እጠግናለሁ፣ እሸጣለሁም። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሱቄ ስደርስ ጓጉንቸሩ ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቋል፣ በሩ ገርበብ ብሏል። የራሴ ስድስት አዳዲስ ስልኮች ሄደዋል። እሱ አይደለም ያቃጠለኝ። ለጥገና የተቀበልኳቸው አሥራ አንድ የሰው ስልኮች አብረው ሄደዋል። አደራ ነው እንግዲህ። የየባለቤቱን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፌ በላስቲክ አስሬባቸው ነበር፤ ሌባው ላስቲኩን እየበጠሰ ወረቀቶቹን ወለሉ ላይ በትኗቸዋል። ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው።

ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጥኩ። ክረምት ነበር፣ ያ የጦሳን ተራራ ጠቅልሎ የሚወርደው ጉም ከተማውን ውጦታል። ከጣቢያው ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። እንጀራ እየጋገሩ ነው የሚያድሩት፤ ሌሊት ከማድቤታቸው የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን ወስደውባቸዋል። ሌባው ገመዱን ቆርጦ ምጣዱን ሲወስድ ሶኬቱ ላይ የቀረችውን ቁራጭ ገመድ በፌስታል ይዘው መጥተዋል። «ማስረጃ ነው ልጄ» አሉኝ። ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ከንጋት ጀምሮ እዚያ ናቸው።

ተረኛው ሳጅን ቃሌን ተቀበለኝ። ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ ነው፤ የጫማው ሶል ተገንጥሎ በማስቲሽ የተለጠፈ መሆኑን ሳይቀር አይቻለሁ። «ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል፣ ሞተሯ ግን ነዳጅ የላትም» አለኝ። ስጠኝ አላለም። ይህን በደንብ ያዙልኝ፣ አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ «ኧረ ሳጅን፣ ባጃጅ በኮንትራት እይዛለሁ» ያልኩት። ወዲያው ተነሣ። በበሩ ስንወጣ ሴትዮዋን «እማማ፣ ትንሽ ይጠብቁን፣ እንመለሳለን» አላቸው። «አብሽር ልጄ፣ እጠብቃለሁ» አሉ። እኔ አጠገባቸው አልፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ቀኑን ሙሉ ሳጅኑ ከእኔ ጋር ዋለ። ምሳ ጋበዝኩት፣ ለሰዎች የሚደውልበት የ100 ብር ካርድ ሞላሁለት። በአራተኛው ቀን ስልኮቹ ኮምቦልቻ አንድ ቤት ታይተዋል የሚል ወሬ መጣ። የትብብር ደብዳቤ አጽፎ፣ በሚኒባስ ሐረጎን ይዘን ወረድን። ያንን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ላይ ብርዱ ያንቀጠቅጥሃል፣ ታች ስትደርስ ጃኬትህን አውልቀህ ትይዛለህ። ትራንስፖርቱ የኔ፣ ምሳው የኔ፣ ከዚያ ባጃጁም የኔ። ከአሥራ ሰባቱ ስልኮች ዘጠኙ ተገኙ። ስምንቱ የሰው አደራ፣ አንዱ የራሴ። እንባዬ መጣ።

ማታ ደሴ ስንገባ 1,500 ብር ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩለት። «ኧረ ተው፣ ሥራዬ ነው» አለ። «ለልጆች ነው» አልኩት። «ተው ብዬሃለሁ» አለ። ሦስተኛ ስገፋው ዝም አለ። ተቃቅፈን ተለያየን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ሌሊት ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሰውን ያመሰገንኩ እንጂ ጥፋት የሠራሁ አልመሰለኝም።

ሕግ የተማረ ጓደኛ አለኝ። ታሪኩን በደስታ ስነግረው ቡናውን አስቀመጠና «ጉቦ ሰጥተሃል» አለኝ። ተጣላን። አልጠየቀኝም፣ ሥራውን ነው የሠራው፣ ማንንም አልጎዳሁም እያልኩ ጮህኩበት። እሱ አልጮኸም። ሕጉን አውጥቶ አሳየኝ።

ብዙዎቻችን ጉቦ የምንለው ዳኛው ፍርድ እንዲያጣምም፣ ትራፊኩ ክሱን እንዲቀድ የሚሰጠውን ነው። ለጥፋት የሚከፈለውን ማለት ነው። ሕጉ ግን እዚያ አይቆምም። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧቸዋል። አንደኛው የመንግሥት ሠራተኛ ማድረግ የሌለበትን ለማድረግ ወይም ማድረግ ያለበትን ለመተው ጥቅም ሲቀበል ነው። ሁለተኛው ሠራተኛው ማድረግ ያለበትን፣ ተገቢ የሆነውን ሥራውን ሠርቶ፣ ለዚያ የማይገባውን ጥቅም ሲቀበል ነው። ይህ «የማይገባ ጥቅም» ይባላል። ከሥራው በፊትም ሆነ በኋላ ቢሰጥ ያው ነው። ኋላም በ2007 ዓ.ም. የሙስና ወንጀሎች ለብቻቸው አዋጅ ወጥቶላቸዋል፣ ቁጥሩ 881/2007 ነው። ሰጪውም ተጠያቂ ነው። ስለዚህ «ሌባ ያዝልኝ ብለን ነው» የሚለው መከላከያ አይሠራም። ሌባ መያዝ ሥራው ነው፣ ደመወዙም ለዚያው ነው።

ግን ሕጉ ብቻውን አላሳመነኝም ነበር። ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ወንጀል የሚል ወረቀት ብዙ አይተናል። ያሳመነኝ ሌላ ነው።

ከሱቄ ሦስተኛ በር ላይ ብትን ጨርቅ የሚሸጡ አባት አሉ፤ ጁምዓን ሸዋ በር መስጊድ ነው የሚሰግዱት። ነገሩን ሳጫውታቸው አንድ ሐዲስ ነገሩኝ። ነቢዩ ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ሰው ተመልሶ መጣና «ይሄ የእናንተ ነው፣ ይሄ ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው» አለ። ነቢዩም ይህ ሰው እስኪ በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበር ወይ ብለው ገሠጹ። አባባ ይህን ሲሉኝ ሳጅኑ ታየኝ። ያ ልጅ ፖሊስ ባይሆን፣ እናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ 1,500 ብር ኪሱ እከትለት ነበር? በፍጹም። ስሙንም አላውቀው። የከፈልኩት ለሰውየው መስሎኝ ነበር እንጂ ለመለዮው ነው። መለዮው ደግሞ የእሱ አይደለም፣ የእኔም አይደለም። የሁላችንም ነው። የእነዚያ እናትም ነው።

እሳቸውን ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰኞ ገበያ አገኘኋቸው። በእንጨት መጋገር ጀምረዋል፤ ዓይናቸው በጭስ ቀልቷል። እኔ ሳልናገር እሳቸው ቀድመው «የአንተስ ተገኘልህ ልጄ?» አሉኝ። ዘጠኙ ተገኘ አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ!» አሉ፣ ከልባቸው ነው፣ ፊታቸው በራ። የእርስዎስ ስላቸው ያን ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀው እንደሄዱ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ እንደተመላለሱ፣ ኋላ ግን የሚጋገረው እንጀራ ስለሚበልጥባቸው እንደተዉት ነገሩኝ። ምጣዱን ለማየት ቦታው ድረስ የሄደ ሰው የለም። ከእኔ በፊት ነበር የመጡት። «ማንንም አልጎዳሁም» ብዬ የጮህኩት እንግዲህ እኔ ነኝ። ሳጅኑ ያን ቀን ያለው አንድ ቀን ነበር፤ እኔ ቀኑን ገዛሁት።

የባጃጅ ሒሳቧን ጉቦ ብዬ ልጠራት አሁንም ምላሴ ይከብዳል። በነገራችን ላይ ቃሉን የሚጠራው የለም እኮ። ለሻይ፣ ለነዳጅ፣ ለካርድ፣ ማበረታቻ፣ ውለታ እንላለን። አባቶቻችንም እጅ መንሻ ይሉት ነበር። ስሙን ባለሰለስነው ቁጥር እጃችን ወደ ኪሳችን ይቀላል።

ታዲያ በግል ገንዘብ ፖሊስ ማሠራት ሁልጊዜ ጉቦ ነው? አይደለም፣ ይህንንም ማለት አለብኝ። ሌላው አገር እንዴት እንደሚያደርገው ሳነብ ነው የሰነበትኩት። በ1921 እ.ኤ.አ. በዌልስ የከሰል ማዕድን አድማ ነበር። ግላስብሩክ የሚባል ድርጅት ማዕድኑን የሚጠብቁ ፖሊሶች ግቢው ውስጥ ይደሩልኝ አለ። የፖሊስ ኃላፊው እየተዘዋወሩ መጠበቅ ይበቃል አለ። ድርጅቱ የለም እዚሁ ይደሩ፣ እከፍላለሁ ብሎ ፈረመ። ሰባ ፖሊስ አደረለት። 2,200 ፓውንድ ገደማ ሒሳብ ሲመጣ ግን መጠበቅ ድሮም ግዴታችሁ ነው፣ አልከፍልም አለ። ክርክሩ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ሰጪ እስከነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደርሶ ፈራጆቹ እርስ በርሳቸው ተከፋፈሉ፤ በብልጫ ያሸነፈው ፖሊስ ነው። ፖሊስ በቂ ነው ካለው በላይ ተጨማሪ ለራስህ ከጠየቅህ ክፈል ማለት ነው። ዛሬም እንግሊዝ ውስጥ የእግር ኳስ ክለቦች ለስታዲየም ጥበቃ የሚከፍሉት በሕግ ነው፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው የፖሊስ ሕግ አንቀጽ 25።

ልብ በሉ ግን። የማዕድኑን ገንዘብ ሲጠይቅ የነበረው የአካባቢው አስተዳደር ምክር ቤት ነው። የትኛውም ኮንስታብል ኪስ አልገባም። ስንት ፖሊስ ይሂድ፣ ማን ይሂድ የሚለውም የአለቃቸው ነው። ሁሉም በወረቀት ነው፣ ጎረቤት ጠይቆ ማየት ይችላል።

እንዲህም ሆኖ ልቤ ሙሉ በሙሉ አልረጋም። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው እንግሊዝ የካርድና የክፍያ ማጭበርበርን የሚከታተል፣ ወጪውን ባንኮችና የካርድ ድርጅቶች የሚሸፍኑለት የፖሊስ ክፍል አለ። ሕጋዊ ነው፣ ማንም ጉቦ አይለውም። የባንክ ሌባ የሚያሳድድ ፖሊስ ተመደበ፤ የምጣድ ሌባ የሚያሳድደውስ? ባለምጣዷ ክፍል ማቋቋም አትችልም።

አሜሪካኖቹ ደግሞ የሚገርም ሕግ አላቸው። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕጋቸው ኩባንያዎቻቸው ለውጭ አገር ባለሥልጣን ጉቦ እንዳይሰጡ ይከለክላል። ተራ የመንግሥት አገልግሎትን ለማፋጠን የምትሰጥ ክፍያን ግን ከክልከላው አውጥቷታል፣ ከእነዚህ አገልግሎቶች መካከልም የፖሊስ ጥበቃን በስሙ ጠቅሶታል። ቀዳዳው ለውጭ አገር ባለሥልጣን ለሚሰጠው ብቻ ነው። ማለትም አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቶ ለፖሊስ «የሻይ» ቢሰጥ በዚያ ሕግ ላይጠየቅ ይችላል። በእኛ ሕግ ግን ይጠየቃል። እንግሊዞች በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጉቦ ሕግ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አላስገቡም። እኔ ከእንግሊዞቹ ጋር ነኝ። እዚህ የምንኖረው እኛ ነን፣ የሚወሰደውም የእኛው ተራ ነው።

አሁን ወደ 12,000 ብራችን ልመለስ። ከእኔ 1,500 የባሰ ነው ብዬ አምናለሁ። የእኔ የአንድ ቀን ነበር። ይሄኛው በየወሩ ነው። አንድ ሰው በየወሩ 6,000 ብር ከእኛ እየተቀበለ አለቃው ማነው? ጣቢያው ማታ ሮቢት ሰፈር ተመደብ ቢለው ልቡ የት ይሆናል? ከዚያ ደግሞ አስቡት፣ ከአርባ አንዳችን ሠራተኛውን ደመወዝ ከለከለ ወይም መታ እንበል። ልጁ ሄዶ የሚያመለክተው ለማን ነው? ቃሉን የሚቀበለው ከመቺው በየወሩ የሚከፈለው ፖሊስ ነው። አንድ ወር ብናቋርጥስ? ያቋረጥን ሳምንት ሱቅ ቢሰበር ምን እንደምንጠረጥር ሁላችንም እናውቃለን። ልጆቹ ንጹሐን ቢሆኑ እንኳ እኛው ጥርጣሬውን ፈጥረንባቸዋል።

ሰብሳቢያችን «ታዲያ ፖሊስ ነዳጅ ከሌለው ምን እናድርግ? ቁጭ ብለን እንዘረፍ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ችግሩ እውነት ነው። የፖሊስ ደመወዝ ቤተሰብ እንደማያኖር እዚህ ከተማ የማያውቅ የለም፣ የሳጅኑን ጫማ በዓይኔ አይቻለሁ። ፖሊስ የሌለበት ከተማ ምን እንደሚመስልም ይህ መንገድ ያውቃል፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ያየነውን ማንም መልሶ ማየት አይፈልግም። ፖሊስን የምጠላ ሰው አይደለሁም። እንዲያውም እንርዳ ባይ ነኝ። የምንረዳው ግን ጣቢያውን ይሁን። ገንዘብ ከሆነ ፋይናንስ ገብቶ በሞዴል 64 ደረሰኝ ይቆረጥበት። ጎማ ወይም ነዳጅ ከሆነ በዕቃ መረከቢያው ሞዴል 19 ገቢ ይሁን። ሞተሯ በዚያ ነዳጅ ለእኔም ለባለምጣዷም ትነሣለች። ለመንገዳችን ብቻ የሚቆም ሰው ካስፈለገን ደግሞ ዘበኛ እንቅጠር፣ የራሳችን ሠራተኛ ነው፣ በፈለግነው በር ላይ ብናቆመው የማንንም ተራ አንወስድም። 12,000 ብር ቢያንስ አንድ ጥሩ የሌሊት ዘበኛ ይቀጥራል፣ ባትሪና ካፖርት ጨምሮ።

አንዳንዱ ደረሰኝ ሲባል «ገንዘቡ የት እንደሚገባ አናውቅም፣ ቢያንስ በእጁ ብሰጠው ይሠራልኛል» ይላል። ይገባኛል። እኔንም የገፋኝ እሱ ነው። ነገር ግን «ይሠራልኛል» የምትለዋን ቃል ቆም ብላችሁ አዳምጧት። «ልኛል»ዋ ውስጥ ነው ያለው ነገሩ ሁሉ።

ለሳጅኑም ነግሬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አግኝቼው «ያን ጊዜ የሰጠሁህ ልክ አልነበረም፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ትንሽ ዝም ብሎ «እኔም ሁለቴ እምቢ ብዬህ ነበር» አለ። አዎ ብሎኛል። ከዚያ ስለ ምጣዱ አነሣሁበት፤ መዝገቡን እንደሚያየው ነገረኝ። ሴትዮዋ ሰኞ ጠዋት ይመጣሉ፣ እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ፣ አግዳሚዋ ላይ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ቁራጭ ገመዷን አልጣሏትም፣ አሁንም በፌስታሉ ውስጥ ናት።

ነገ እሑድ ስብሰባው ይቀጥላል። ለጣቢያው የምንጽፈውን ደብዳቤ አርቅቄ ይዣለሁ፣ አንድ ገጽ ናት። የሌሊት ቅኝት እንዲጠናከር እንጠይቃለን፣ የምናዋጣውን በደረሰኝ እንደምናስገባ እንገልጻለን። ቅኝቱ የሚያልፍባቸውን መንገዶች ስዘረዝር የእኛን አስፋልት ሁለተኛ አደረግኩት። መጀመሪያ የጻፍኩት ከኋላችን ያለውን፣ መብራት የሌለውን፣ የእሳቸው ማድቤት ያለበትን ቅያስ ነው።